ሻይ የማታፈላ ቤት

ሰይፉ ጡረታ በወጣ በስምንተኛው ወር አሮጌ ሚኒባስ ገዛና የኋላ ወንበሮቿን ሁሉ ነቃቅሎ አወጣ። ሸዋ ሮቢት ላይ ሚኒባስ ገዝቶ ወንበር የሚነቅል ሰው ታይቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ መጀመሪያ ሽንኩርት ሊጭንባት ነው አለ። አልጋ ሲያስገባባት ደግሞ ከሚስቱ ተጣልቷል ተባለ።

አልተጣላም። የሚለፋውም ለሚስቱ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በደሴ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ፣ ጣርማ በር ዋሻው ጋ ከመድረሱ በፊት ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ የሚቆምበት አንድ ቦታ ነበረው። የይፋት ቆላ እግሩ ሥር ተዘርግቶ ይታየዋል። ሁልጊዜ ብቻውን ነው የሚያየው፤ ሁልጊዜም ብዙነሽ አጠገቡ ብትሆን ብሎ ይመኛል። ብዙነሽ ግን ልጆቹ ትንንሽ ናቸው ስትል፣ ከዚያ ፈተና አለባቸው ስትል፣ ከዚያ ሠርግ ስትል ኖረች። ልጆቹ ሁሉ ተድረው ሲወጡ የቀራት ሰበብ አንድ ብቻ ሆነ።

«እኔ ከቤቴ ውጭ አላድርም።»

«ቤትሽን ይዘን ብንሄድስ?» አለ ሰይፉ። ሚኒባሷ የተገዛችው ከዚህ ንግግር በኋላ ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያሕያ ከአልጋው ሥር ትልቅ ባትሪ አስቀመጠ። ከጎኑም ኢንቨርተር የሚሉትን፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረውን የብረት ሣጥን አሰረ።

«ጋሼ ሰይፉ፣» አለ ሲጨርስ፣ «አምፖል፣ ቬንትሌተር፣ ስልክ፣ ቢስሚላህ ብለው ይሰኩ። ውኃ ማፍያና ካውያ ግን ሐራም ነው። አቅሟ አይደለም።»

«ሰምቻለሁ» አለ ሰይፉ። መስማቱንስ ሰምቶ ነበር።

የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ግንቦት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የከተማው መብራት ጠፋ። ሰይፉ የሚኒባሷን በር ከፍቶ ቬንትሌተሩን ለቀቀው። ወሬው በአንድ ጊዜ ሰፈሩን አዳረሰና ጎረቤቱ ሁሉ ቻርጀሩን ይዞ መጣ። ሽንኩርት ነጋዴዋ ጣይባ ስልኳን ሰክታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«ማሻአላህ! የእኛ ቤት ጨልሞ የአንተ መኪና ይነፍሳል እንዴ ሰይፉ?»

«መኪና አትበያት፤ ቤት ናት» አለ ሰይፉ ደረቱ እየሰፋ። «ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ አላት።»

«ሁሉ?» አለች ብዙነሽ። እጇን ወደ ኋላ አድርጋ በሩ ላይ ቆማለች፤ እግሯን እስካሁን አላስገባችም።

«ሁሉ!»

«ሻይስ?»

ያሕያ ያለውን መናገር የነበረበት እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ጣይባ ታየዋለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያየዋል። ከነተሳቢው የጣርማ በርን ቁልቁለት ለሠላሳ አንድ ዓመት የወረደ ሰው፣ ሻይ አቃተኝ ለማለት አፉ እንቢ አለው።

«ሻይማ ምን ችግር አለው!»

ብዙነሽ እጇን ከኋላዋ አወጣች። የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያዋን ይዛለች። ውኃ እንኳ ሞልታው ነበር።

ሰካው። ሣጥኑ «ሲጥ!» ብሎ ጮኸና ቀይ መብራት አበራ። ቬንትሌተሩ ለይሉኝታ ያህል ሦስት ጊዜ ዞረና ቆመ።

«አረፈች?» አለች ብዙነሽ።

«ኢና ሊላሂ» አለች ጣይባ፣ ስልኳን እየነቀለች።

ሰይፉ ተንበርክኮ ሣጥኑን ነካካው። የፈራው ለሣጥኑ አልነበረም። ብዙነሽ አሁን ወደ ቤት ከገባች፣ ይህችን ቀን ለማምጣት ደግሞ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ያውቃል።

ሲደወልለት ያሕያ በባጃጅ ደረሰ። «ምን ሰክተው ነው ጋሼ?»

«እኔ ነኝ የሰካሁት፣ ያሕያ» አለች ብዙነሽ ቀድማ። «እሱስ አትስኪ ብሎኝ ነበር።»

ማምለጫ ሰጠችው። ሰይፉ ግን ላቡን በእጅጌው ጠረገና ተነሣ።

«አላልኳትም። የሰካሁት ራሴ ነኝ፤ መኪናዋ አትችልም ማለትህንም አውቅ ነበር። ሻይ አታፈላም። ካውያም አትችልም።»

«ሌላስ?» አለች ብዙነሽ።

«ሌላ…» ጥቂት አመነታ። «ጣርማ በር ብርድ ነው። ቬንትሌተሩም አያስፈልግም።»

ጣይባ ሳቋ አላስቆም ብሏት በሩን ያዘች። «ብርድ አገር ሊወስድሽ ነው በንፋስ ሲያባብልሽ የከረመው!»

ያሕያ ሣጥኑን አጥፍቶ ጥቂት ጠበቀና መልሶ አበራው። ቬንትሌተሩ መዞር ጀመረ። «ደህና ናት፤ ሲበዛባት ራሷን ዘግታ ነው» አለ።

ሰይፉ ቬንትሌተሩን አላየውም። ብዙነሽ ውኃ ማፍያዋን አንሥታ ወደ ቤት ስትገባ ነበር የሚያየው። ቆየች። በቃ፣ ቀረ፣ ብሎ የሚኒባሷ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

ስትወጣ የከሰል ምድጃ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ከሰል፣ ጥላሸት የጠጣ የሻይ ጀበናና ሁለት ጋቢ ይዛለች።

«ምን ታየኛለህ? ጫን እንጂ!»

«ብዙዬ…»

«ሁሉ አላት እንዳልከኝ ወጥተን እዚያ ብርድ ላይ ሣጥንህ ቢጮኽብኝ ኖሮ በእግሬ ነበር የምመለሰው። የማትችለውን ከነገርከኝማ የጎደለውን እኔ እይዛለሁ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሱ። ሰይፉ በሩ ወደ ቆላው እንዲዞር አድርጎ አቆማት። ብዙነሽ ምድጃውን ከነፋስ ከልላ ሻዩን አፈላች፤ ሁለቱም ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ከታች የማሽላው ማሳ፣ የወንዙ አሸዋ፣ ከሩቅ የሚያብረቀርቀው የከተማው ቆርቆሮ ይታያል። ብዙነሽ ቆላውን ታያለች። ሰይፉ ደግሞ እሷን ያያል። መታገሥ አቃተው።

«እንዴት ነው?»

«በአውቶብስ ሳልፍ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ስደርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አንተ አፍ አፌን እያየኸኝ በየት በኩል ልተኛ?» አለችና ዓይኗን ከቆላው ሳታነሣ ብርጭቆዋን ዘረጋችለት። «ይልቅ ድገመኝ።»