ስሟ ያልተጻፈበት ሕንፃ

«ፎቶ አንሺው ደጅ ይቆይ» አለች እናት፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ።

ከጤና ሚኒስቴር የመጣው ኃላፊ በሩ ላይ ቆም ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ። ካሜራ ያንጠለጠለው ሰውዬ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች ሹክሹክታቸውን ገታ አደረጉ። ልጇ ከተቀበረች ሳምንት አልሞላም፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከመንግሥት ወገን ብቅ ያለ አልነበረም።

አጎትየው፣ የእናት ታናሽ ወንድም፣ ተሽቀዳድሞ ወንበር አቀረበ። ኃላፊው የቀረበለትን ሻይ በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳይቀምሰው አስቀመጠው።

«ያጽናዎት እናቴ። አገር ያጣችው ትልቅ ሰው ነው።»

እናት ቀና ብላ አየችው። ትልቅ ሰው! በወረርሽኙ ዘመን ልጇን ከላቦራቶሪ ያስወጣት ይኸው መሥሪያ ቤት አይደለም?

ያን ጊዜ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። የቫይረስ ተመራማሪዋን ልጇን ቴሌቪዥን ላይ አቀረቧት። ጠያቂው «በአንድ ቃል ይመልሱልኝ፤ ቫይረሱ ከየት መጣ?» አላት። እናት እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል አንስታ ጆሮዋን ጣለች።

«ገና አላውቅም» አለች ልጅቷ። «ከእንስሳ ተላልፎ ይሆናል፤ ከላቦራቶሪ አምልጦም ሊሆን ይችላል። ማስረጃው ሳይሟላ ይህ ነው የሚል ሰው ግን እየገመተ ነው።»

ያቺ መልስ ለማንም አልጣመችም። መንግሥት «ከድንበር ማዶ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው ያስገቡት» ብላ እንድትፈርም ፈለገ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «ከራሷ ላቦራቶሪ ነው ያመለጠው፣ እየደበቀች ነው» ብለው አደባባይ ወጡባት። በምንም ተስማምተው የማያውቁ ሰዎች እሷን በመጥላት ተስማሙ። ሠፈሩም «ቫይረሷ» የሚል ስም አወጣላት። ለእናቷም ተረፈ፤ ደንበኞች ያመጡትን ጨርቅ ሳይሰፋ መልሰው ወሰዱ። ክርና መርፌ በሽታ የሚዘራ ይመስል!

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ፊርማ ምን አለበት? ፈርመሽ ሥራሽን ያዢ» ስትል እናት ለምናት ነበር።

«እማዬ፣ አንቺ ሳትለኪ ትቆርጫለሽ?»

«ምን አገናኘው?»

«እኔ ሳልለካ ብቆርጥ የሚበላሸው ጨርቅ አይደለም፣ ሰው ነው። ነገ እነዚያን ምስኪኖች ከየቤታቸው እየጎተቱ ያባርሯቸዋል።» ከዚያ ፊቷ ፈታ አለ። «ደግሞ በዓይን ግምት ሰፍተሽላት፣ ልትጨፍር ስትነሳ ቀሚሷ ከላይ እስከ ታች የተተረተረባትን ሙሽራ ረሳሻት?»

እናት ሳትወድ በግድ ሳቀች። ልጅቷ አልፈረመችም። ከሥራ ስትባረር አንድ ትምህርት ቤት ገብታ ባዮሎጂ አስተማረች፤ ልቧ ክፍል ውስጥ ቀጥ እስካለባት ቀን ድረስ።

«አዲስ የምርምር ተቋም ገንብተናል» አለ ኃላፊው። «በስሟ ልንጠራው ነው፤ ነገ በዜና ይነገራል። ብቻ መግለጫው ላይ አንዲት ነገር አለች። በመጨረሻ ዘመኗ ስለ ቫይረሱ ምንጭ በመንግሥት አቋም ተስማምታ ነበር የምትል። እርስዎ ‹አዎ፣ ብላኛለች› ካሉን ይበቃናል።»

አጎትየው ወደ እህቱ ጆሮ ጎንበስ አለ። «እሺ በይ እትዬ። እሷ እንደሆነ ሄዳለች፣ ስሟ እንኳ ይጥራላት። እኛም አንገታችንን ቀና አድርገን እንሂድ።»

የእናት ልብ ሸፈተ። ሕንፃው ታያት፤ ግንባሩ ላይ የልጇ ስም በሚያብረቀርቅ ፊደል። ጨርቃቸውን የወሰዱባት ሴቶች በሥሩ ሲያልፉ፣ ቀና ብለው ሲያነቡት። ወደ ኃላፊው ዞረች።

«ለማን ነው ተስማማሁ ያለችው?»

«ለቅርብ ሰዎቿ።»

«ቅርቧ እኔ ነኝ። ለእኔ አላለችኝም።»

«ለእኔም አላለችኝም» አለ ከጥግ አንድ ድምፅ። ከልጅቷ ጋር በአንድ ላቦራቶሪ የሠራች፣ አሁንም እዚያው ያለች ወጣት ነበረች።

ኃላፊው ዞር ብሎ አያት። «አንቺ የኛ ሠራተኛ አይደለሽም እንዴ?»

«እስከ ዛሬ ነኝ።»

ሰውየው ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ‹አላውቅም› ያለ ሰው ስም ሕንፃ ላይ አይጻፍም።»

«እንግዲያው አይጻፍ!»

«ኧረ እትዬ!» አለ አጎትየው።

«ሐዘን ነው የሚያናግርዎት» አለ ኃላፊው በለሰለሰ ድምፅ።

«ሐዘኑም የኔ፣ ንግግሩም የኔ!» እናት ተነስታ ቆመች። «በቁሟ ያላስፈረማችኋትን ከሞተች በኋላ ልታስፈርሟት መጣችሁ? ነገ በዜና ብትናገሩ፣ እዚያው በራችሁ ላይ ቆሜ ዋሽተዋል እላለሁ። እኔን ደግሞ ከየትኛው ሥራ ታባርሩኛላችሁ? መኪናው የኔ፣ መርፌው የኔ!»

ከለቀስተኛው መሐል አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ በሳል ሸፈነው። ኃላፊው ሻዩን ሳይቀምስ ወጣ። አጎትየውም «አበላሸሽው» ብሎ ኮፍያውን አንስቶ ተከተለው።

በማግስቱ ዜናው ስለ ሕንፃው አወራ፤ ስለ ልጅቷ ትንፍሽ አላለም። ብዙም ሳይቆይ ወጣቷ መጣች፤ የኮቷ ትከሻ ተተርትሮ ገበሩ ይታያል።

«ዕቃዬን ልወስድ ብሄድ ጥበቃው አላስገባም ብሎ ጎተተኝ» አለች፣ እንደ ቀልድ። «ተባረርኩ እማማ።»

«ፈራሽ?»

«ትንሽ። ግን አልጸጸተኝም።»

«ነይ ተቀመጪ።»

«ግድ የለም፣ ቤቴ እሰፋዋለሁ።»

«ተቀመጪ አልኩሽ!»

እናት ከቀብሩ ወዲህ መርፌ አልነካችም ነበር። ክሩ በቀዳዳው አልገባ ብሎ አስቸገራት። ከገባላት በኋላ ግን ኮቱን ሳታስወልቃት፣ ከኋላዋ ቆማ፣ ቀጥ ባለ ጠበቅ ያለ ስፌት ትከሻውን ገጠመችው። መቀሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ ያዘች። ክሩ ተበጠሰ፤ ግንባሯን ከወጣቷ ትከሻ ላይ አላነሳችም።