ጎማው እንዳያጥር

የሮብ ገበያ ከተማ ነዋሪዋ ጤናዬ ጓሮዋን የምታጠጣበት ጎማ ከቧንቧው የሚገናኝበት ጫፉ ከተሰነጠቀ ሁለት ወር አለፈው። ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር ውሃው ከፖም ችግኞቹ በፊት እሷን ያጠጣታል። ባሏ መሳፍንት ግን ጎማው ይቆረጥ ሲባል ሞቱ ነው።

«ለክቼ ነው የገዛሁት» ይላል። «ከመጨረሻው መደብ እኩል ነው የሚደርስ። ክንድ ከቆረጥሽለት እነዚያ ችግኞች በምን ሊጠጡ ነው?»

ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነውና በልኬት የሚረታው አልተገኘም። ስንጥቁን አንድ ቀን በፌስታል፣ አንድ ቀን በጨርቅ፣ ሲብስበት ደግሞ ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ በተቀደደ ላስቲክ ይጠቀልለዋል። ጎማው እንደ ደብር አለቃ ጠመጠመ፤ ውሃው ግን አልተገታም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የነፍስ አባታቸው ቄስ ኃይለ ሚካኤል ጎራ አሉ። ጤናዬ ቧንቧውን ልትዘጋ ስትሮጥ ጥቅልሉ ተፈታና ጎማው ተስፈንጥሮ ወለቀ፤ የቄሱ ነጭ ጋቢ ከላይ እስከ ታች ራሰ። ጤናዬ የምትገባበት ጠፋት።

«ይፍቱኝ አባ! ይፍቱኝ!»

ቄሱ ጢማቸውን እየጨመቁ ሳቁ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ሰው እኔ ዘንድ መጥቶ ይጠመቅ ነበር፤ ዛሬ እኔ እናንተ ዘንድ መጥቼ ተጠመቅሁ!»

መሳፍንት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እሷ ግን እፍረቱ አለቀቃትም። በሦስተኛው ቀን እሱ ለእህቱ ልጅ ክርስትና ወደ ሉማሜ ሲሳፈር፣ በቀጥታ ሰውነት የሚባለው የቧንቧ ዕቃ ሻጭ ዘንድ ሄደች።

«የተሰነጠቀውን ቆርጠሽ ጣይው» አላት ሰውነት። «ደህናውን ጫፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ንከሪውና ሲለሰልስ ማገናኛውን እስከ አንገቱ አስገቢለት። ከዚያ ይችን ፋሼታ፣ ባለብሎን የብረት ቀለበቷን፣ በላዩ ማጥበቅ ነው። ቀድመሽ ጎማው ላይ አጥልቂያት ታዲያ፤ ሰው ሁሉ እሷን ይረሳል።»

ቤት ገብታ ቢላዋውን ጎማው ላይ አሳረፈች። «የመጣው ይምጣ!» አለችና ክንድ ያህል ቆረጠች። በሌላው ጫፍ ደግሞ በሬ የረገጠው ስንጥቅ አገኘች፤ ከተጀመረ አይቀር እሱንም ቆረጠችው። ማገናኛውን በስንት ትግል ካስገባች በኋላ ፋሼታዋን ረስታ ኖሮ፣ ራሷን እየረገመች ነቅላ እንደገና ጀመረች። ብሎኗን በካቻቢቴ አጥብቃ ቧንቧውን ስትከፍት በማገናኛው ዙሪያ ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም። እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ጎማውን እየጎተተች ወደ ታች ወረደች። ከመጨረሻው መደብ ሊደርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው ተገተረ። በዚያው ቅጽበት የግቢው በር ተንቋቋ፤ ከክርስትናው የተመለሰው መሳፍንት ነው።

«አላልሁሽም?» አለ የጎማውን ጫፍ ከሩቅ ሲያይ። «ጤናዬ፣ አላልሁሽም?»

ጤናዬ የጎማውን አፍ በአውራ ጣቷ ደፈን አደረገችው። በስንጥቁ ሲባክን የከረመው ውሃ ሁሉ ባንድ ላይ ተወረወረ፤ የመጨረሻውን መደብ ዘሎ፣ አጥሩን ተሻግሮ ጎረቤት ጓሮ ወደቀ።

«ኧረ የኔ ባቄላ አልጠማውም!» ብላ ጮኸች አይናለም ከአጥሩ ማዶ።

መሳፍንት ውሃው የወደቀበትን አየ፤ ሚስቱን አየ። የክርስትና ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን ጠቀለለ፣ ጎማውን ከእጇ ተቀበለና ችግኞቹ ሁሉ ጠጥተው እስኪጠግቡ አላስነካትም።