ገረመው ከክፍያው ሥር የጻፈው

ሸዋወርቅ ከባንኩ የመጡላትን ሦስት ኢሜይሎች ሳትከፍት አጥፍታቸዋለች። በሰፈሩ ላይብረሪ ለአረጋውያን በተሰጠ ትምህርት ላይ «ከባንክ ነው የሚል ኢሜይል ሲመጣላችሁ እንዳትነኩት» ተብላ ነበር፤ እሷም የተባለችውን የምትፈጽም ሰው ናት። አራተኛው መልእክት ግን በኢሜይል አልመጣም። የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት የባንኩን አፕ ስትከፍት ከገጹ አናት ላይ በቀይ ተጽፎ ጠበቃት። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት በመውጣቷ ባንኩ ከእንግዲህ አውሮፓ ውስጥ ለሚኖሩ ደንበኞች አገልግሎት መስጠት አይችልም፤ ሒሳቧ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ አፑ አይከፈትላትም።

ሸዋወርቅ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ሳድል ሪጅ ሰፈር ከልጇ ከእሌኒ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ባንኩ የሚያውቀው ግን የብራስልሱን አድራሻዋን ነው። ብታስተካክለውም ጥቅም የለውም፤ ብሪታንያ ውስጥ ለማይኖር ሰው ሒሳብ አይዙም። ቅርንጫፍ የሌለው፣ በስልክ ብቻ የሚሠራ የለንደን ባንክ ነው። ሒሳቡን በሁለቱም ስም የከፈተው ባሏ ገረመው ነበር፤ ከብራስልስ እንግሊዝ አገር ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር።

እሌኒ ዳውንታውን ካለው መሥሪያ ቤቷ ስትመለስ እናቷን በር ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ማሚ፣ ዶንት ወሪ» አለች መልእክቱን አንብባ፣ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ። «ብዙ ገንዘብ የለበትም እኮ። አሁኑኑ ወደ ካናዳ አካውንትሽ ትራንስፈር አደርግልሻለሁ። አምስት ደቂቃ ነው።»

«ገንዘቡማ ምን ይሆናል።»

«ሶ፣ ምንድን ነው ታዲያ?»

ሸዋወርቅ ስልኩን ሰጠቻት። «ወደ ታች ውረጂ» አለቻት። «ከእያንዳንዱ ክፍያ ሥር ያለውን እዪው።»

አፑ ከእያንዳንዱ ክፍያ ሥር አጭር ማስታወሻ መጻፊያ አለው። ሰው ወጪውን እንዳይረሳ ተብሎ የተሠራ ነው። ገረመው ግን እንግሊዝ ሲገባ የስልክ ጥሪና መልእክት ስለሚወደድበት፣ አንድ ነገር በገዛ ቁጥር ከሥሩ ለሚስቱ አንድ ሁለት መስመር ይጽፍ ነበር። ሒሳቡ የጋራ ስለሆነ እሷ ብራስልስ ሆና ወዲያው ታነበዋለች።

«ዶቨር። ዝናብ። ሻይ ነው ብለው የሰጡኝን ጠጣሁ።»

«ካልሲ ገዛሁ። አሮጌውን ጥዬዋለሁ፤ ቤት ውስጥ እንዳትፈልጊው።»

«ናፍጣ ቀዳሁ። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጡሩንባ ነፋብኝ። ዝም አልኩት። ብታዪኝ ትኮሪብኝ ነበር።»

አራት ዓመት እንዲህ ሲጽፍ ቆይቶ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሸዋወርቅ በየጠዋቱ ከጸሎት በኋላ አፑን ትከፍትና አንድ ወይም ሁለት ታነባለች። ለማንም ተናግራ አታውቅም። ባሏ የሻይ ሒሳብ ሥር የጻፈላትን ለሰው እንዴት ብላ ታሳይ?

እሌኒ አማርኛ ስታነብ ፊደሉን በከንፈሯ እየቆጠረች ነው። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«የመኪና ማቆሚያ። እሌኒ ዛሬም አልደወለችም። ሥራ በዝቶባት ነው። አትቆጪያት።»

ከነኮቷ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «አባዬ ይሄን... እኔ እኮ አላውቅም ነበር» አለች። ሸዋወርቅም አጠገቧ ተቀመጠች።

ማስታወሻዎቹን ማውጣት እንደ ገንዘቡ ቀላል አልሆነም። ባንኩ የሚሰጠው ስቴትመንት ቀኑን፣ የሱቁን ስምና የተከፈለውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ስክሪንሾት እንዳያነሱ አፑ ለደኅንነት ሲል ይከለክላል። በማግሥቱ ሸዋወርቅ ከሳድልታውን ጣቢያ ሲ-ትሬን የሚሉትን የከተማውን ባቡር ተሳፍራ ሰባተኛው አቬኑ ላይ ወረደች። እሌኒ በምሳ ሰዓቷ ፕላስ ፊፍቲን በሚባለው፣ ሕንፃዎችን ከመንገዱ በላይ በሚያገናኘው መተላለፊያ ዳር፣ ወንበር ይዛ ጠበቀቻት። ለንደን ደወሉ። ሙዚቃ እየሰሙ አርባ ደቂቃ ጠበቁ። መጀመሪያ ያነሳው ሰው ምንም ማድረግ እንደማይቻል በትሕትና ነገራቸውና የቤተሰብ ሐዘን የደረሰባቸውን ደንበኞች ወደሚያነጋግር ክፍል አዛወራቸው። እዚያ ያነሳችው ፊዮና የምትባል ሴት ናት።

እሌኒ ማስረዳት ስትጀምር ሸዋወርቅ ስልኩን ወሰደችባት። በፈረንሳይኛ በተቀላቀለ እንግሊዝኛዋ፣ «የጻፈው ባለቤቴ ነው» አለች። «ሌላ ደብዳቤ የለኝም። ሌላ ቦታ ጽፎልኝ አያውቅም።»

ፊዮና፣ «እባክዎ አይዝጉት፤ መጣሁ» አለች። ስትመለስ እንዲህ አለች፦ «ሒሳቡ ክፍት እንዲቆይ ማድረግ አልችልም፤ ሕጉ ነው። ግን አለቃዬን ጠይቄ የመዝጊያውን ቀን በሃያ አንድ ቀን አራዝሜልዎታለሁ። ደግሞ ማስታወሻ ያለባቸውን ክፍያዎች ብቻ ለይቶ የሚያወጣ ምልክት አለ፤ የት እንዳለ ላሳይዎት። በሌላ ስልክ ፎቶ አንሷቸው።» ከዚያም እያፈረች፣ «ቅር ካላልዎት አንዱን ያነቡልኛል?» አለች።

እሌኒ የካልሲውን ተርጉማ አነበበችላት። ፊዮና ሳቀች፤ ወዲያው አፍንጫዋን ስትስብ በስልኩ ተሰማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸዋወርቅ በየሥራ ቀኑ ምሳ ይዛ ዳውንታውን ትወርዳለች። ስልኩ የሚከፈተው በእሷ አውራ ጣት ነው፤ አምስት ደቂቃ በሞላ ቁጥርም ራሱን ይዘጋል። እሷ ትከፍታለች፣ እሌኒ በራሷ ስልክ ፎቶ ታነሳለች። ወደ ቢሯቸው የሚመለሱ ሰዎች እያዩዋቸው ያልፋሉ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቤት ውስጥ እሌኒ ከፎቶው ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሸዋወርቅ ደብተር ላይ ትገለብጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት እሌኒ በየቃሉ ትደናቀፍ ነበር። በሦስተኛው የአባቷን ቀልድ ገና ሳትጨርሰው መሳቅ ጀመረች።

ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ማስታወሻ ወጣ። አንድ ቀረ፤ የመጨረሻው።

ሸዋወርቅ አንብባው አታውቅም። ገረመው ከዚያ ጉዞ በተመለሰ ሌሊት በልብ ሕመም አርፏል። በጉዞው ቀን እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች ስልኳን አላየችም። «ደረቴን አሞኛል» ብሎ ጽፎ፣ ሳልመልስለት ቀርቼ ቢሆንስ? ይህን ፍራቻ ይዛ ስንት ዓመት ኖራለች፤ በየጠዋቱ ወደ መጨረሻው ስትቃረብ ትመለስ ነበር። ይህንንም ለልጇ የነገረቻት ያን ቀን ነው።

«ማሚ፣ እኔ ላንብበው?»

ሸዋወርቅ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

እሌኒ ስልኩን አስጠግታ አነበበች። «ዳቦ አለሽ ወይስ ይዤ ልምጣ? መልስሽን ሳልጠብቅ ገዝቻለሁ። ሁለት ነው።»

ሸዋወርቅ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። እሌኒ የምታለቅስ መስሏት ነበር፤ እየሳቀች ነው። «አምጥቶ ነበር» አለች። «አዎ፣ ሁለት ዳቦ አምጥቶ ነበር። ለምን ሁለት አልኩት። በወጥ አብረን በላን። በደንብ በላ እኮ! ምንም አላመመውም ነበር።» ከዚያ እንባዋ መጣ፤ የቀለላት ሰው እንባ ነበር። «ተመስገን» እያለች ደጋገመች። «ተመስገን ጌታዬ።»

ሒሳቡ በተባለው ቀን ተዘጋ። ሸዋወርቅ ያን ጠዋት አፑን ልትከፍት እንኳ አልሞከረችም፤ ከእሌኒ ጋር ቁርስ እየበላች ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሸዋወርቅ ወደ አባ ኪራኮስ ቀረበችና በጸሎት እንዲያስቧቸው የምትፈልጋቸውን ሰዎች ስም የጻፈችበትን ወረቀት ሰጠቻቸው። አባ ኪራኮስ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። የገረመውን የክርስትና ስም ያውቁታል፣ የእሌኒንም። ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

«ፊዮና። የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

«አላውቅም፣ አባ።»

«ዘመድሽ ናት?»

«አይደለችም። ለንደን ባንክ ውስጥ ነው የምትሠራው።»

አባ ኪራኮስ ሸዋወርቅን ትንሽ አዩአት፤ ፊቷ ላይ ቀልድ የለም። «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃታል» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።