የመቀስ ቀኝ ትከሻ

ሰፈሩ «መቀስ» የሚለው ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ምላሱም ስለሚቆርጥ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ከፀጉሩ በፊት ወሬው ይከረከምለታል። የምትረታው ሚስቱ ብቻ ነበረች። «የሰው ራስ ስታሳምር ትውላለህ፤ የራስህን መቼ ነው የምታበጥረው?» ስትለው ይስቃል።

ሚስቱን ስትሮክ ከመታት ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ አሉ። አንደበቷ ግን ትንሽ ተኮላትፎ ከረመና ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መቀስ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ከአልጋ አንስቶ ዊልቸሯ ላይ ያስቀምጣታል። ምሳ ሰዓት መጥቶ መታጠቢያ ቤት ያደርሳታል፤ ሲመሽ መልሶ ያስተኛታል። ደህናው እጇ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል፤ የሱ ቀኝ ክንድ ጀርባዋን፣ ግራው ጉልበቷን ከስር ይይዛል። ሊጠይቃት ለመጣ ሁሉ፣ «በሰርጋችን ቀን እንኳ በእግሬ ነው ያስኬደኝ፤ ሙሽርነቴ ገና አሁን መጣ» ትላለች።

ትከሻውን ቀስ በቀስ ነው ያመመው። መጀመሪያ ቶንዶዙን ከፍ አድርጎ ሲይዝ ወጋው። ቀጥሎ ሸሚዝ መልበስ ጭንቅ ሆነ። አንድ ደንበኛ በመስታወት ራሱን አገላብጦ አይቶ፣ «መቀስ፣ ግራ ጎኔን ለነገ አሳደርከው እንዴ?» አለው። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። ለሚስቱ ግን ትንፍሽ አላለም።

አንድ ጠዋት ከአልጋ ሲያነሳት ክንዱ ከዳው። ተያይዘው አልጋውና ዊልቸሩ መሃል ወደቁ፤ እሱ ከታች፣ እሷ ከላይ። ከዚያ እሷ መሳቅ ጀመረች።

«በዚህ ዕድሜያችን! ሰው ቢያየን ምን ይለናል?»

መቀስም ሳቀ፤ ቀኝ ክንዱን ግን በግራ እጁ አፍኖ ይዞ ነበር። አየችው፤ ሳቋም ቆመ።

«ደብቀኸኝ ነበር አይደል?» አለችው።

ሐኪም ቤት ሲሄድ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን አይቶ የትከሻው ጅማት በሥራና በሸክም ብዛት እንደተጎዳ፣ ውስጡም እንደ ኖራ ያለ ደረቅ ነገር እንደተጠራቀመበት ነገረው። ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከው። እዚያ የተቀበለችው እጇ ለስላሳ፣ ንግግሯ ግን ፍርጥም ያለ ወጣት ሴት ነበረች። ከአልጋው አጠገብ ከቆመው ማሽን አንድ በገመድ የተያያዘ እጀታ አነሳች።

«ይሄማ የኔ ቶንዶዝ ነው» አለ መቀስ። «ትከሻዬን ልትላጪው ነው እንዴ ልጄ?»

«አይላጭም አባባ፤ ያንኳኳል እንጂ። ሾክዌቭ ይባላል። ኤሌክትሪክ እንዳይመስልዎት፤ ጠንካራ የድምፅ ሞገድ ነው። ጅማቱ ተጎድቶ ተጎድቶ መዳኑን ትቶታል። ይሄ ይቀሰቅሰዋል፤ የሚያድነው ግን የራስዎ ሰውነት ነው።»

ቀዝቃዛ ጄል ቀባችውና ጀመረች። ታክ ታክ ታክ ታክ። አጥንቱ ድረስ ተሰማው። ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን አየ።

ስትጨርስ፣ «በየሳምንቱ ይመጣሉ» አለችው። «ሁሉም ላይ እኩል ይሠራል ብዬ አልዋሽዎትም፤ ብዙ ሰው ግን ይሻለዋል። እስከዚያ ከባድ ነገር ማንሳት የለም።»

«ሚስቴ ከባድ ነገር አይደለችም።»

ልጅቷ ነገሩ ገባት። እጀታውን አስቀመጠችና አጠገቡ ቆመች። «አባባ፣ ካላሳረፉት አንድ ቀን ይበጠሳል። ያን ጊዜ ጭራሽ አያነሷቸውም።»

ልጃቸው ባል አግብታ ሌላ ከተማ ትኖር ነበር። ስትሰማ ከባሏ ጋር በመኪና መጣች። «ክንድህ እስኪድን እማዬ እኔ ጋ ትሁን» አለች። መቀስ አሻፈረኝ አለ። ሰው እቀጥራለሁ፣ ጎረቤት አስቸግራለሁ፣ ሱቁን እዘጋለሁ አለ። ነገሩን የቆረጠችው ሚስቱ ናት።

«እኔን በአንድ እጅህ ልታንጠለጥለኝ ነው? ልሂድ። አንተም ድነህ ና ውሰደኝ።»

አንስቶ መኪናው ውስጥ ያስገባት አማቹ ነው። መቀስ ትራሷን አቅፎ ቆሞ አየ። ከተጋቡ ጀምሮ ተለያይተው ያደሩት ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ብቻ ነበር። መኪናው ከዓይኑ ሲሰወር ትራሱን አለመስጠቱ ትዝ አለው።

ማታ ማታ በስልክ ያወራሉ።

«ዛሬስ ደበደቡህ?»

«ቀጥቅጠው ለቀቁኝ።»

«እሰይ! እኔ ስንት ዓመት የተመኘሁትን ሌላ ሰው ፈጸመልኝ።»

ክንዱ እየተሻለው ሄደ። ሸሚዙን ያለ ጭንቅ ለበሰ። ሲተኛ በቀኝ ጎኑ መገላበጥ ቻለ። አንድ ማታ፣ «ላይኛው መደርደሪያ ደረስኩ!» ብሎ ነገራት። እልል አለችለት።

ለመጨረሻው ሕክምና ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ልጁ ነበረች። «አባዬ… እማዬ…» ብላ አለቀሰች። ማለዳ ላይ ሁለተኛ ስትሮክ መቷት ሐኪም ቤት ሳትደርስ አልፋለች። ቶንዶዙ መቀስ እጅ ውስጥ ማጓራቱን ቀጠለ። ደንበኛው ራሱ ተነስቶ፣ ፀጉሩ በግማሽ እንደተቆረጠ፣ ከእጁ ወስዶ አጠፋው። ጨርቁን ሳያወልቅ አቀፈው።

በቀብሯ ቀን መቀስ ሬሳ ሳጥኑ ስር ገባ። አማቹ፣ «አባባ፣ ትከሻዎ…» ሲለው ዞሮም አላየው። በቀኙ ተሸከማት። እስከ መቃብሩ ድረስ ሕመሙን ጠበቀ። አልመጣም።

«አላመመኝም» አላት ልጁን፣ ሰው ከተበተነ በኋላ። «ምነው ባመመኝ ኖሮ። ምነው በተበጠሰ።»

ቀጠሮው ሲያልፍ ፊዚዮቴራፒስቷ ደወለች። በስልክ ለመናገር አፉ እሺ ስላላለው ሄደ። «እስቲ እጅዎን ያንሱ» አለችው። አነሳ። ክንዱ ጆሮውን አልፎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

«አባባ! አሁንማ ሄደው ባለቤትዎን ማምጣት ይችላሉ!»

መቀስ እጁን ማውረድ ረሳ። «የምትመጣ አይደለችም ልጄ» አለ። «ቀድማኝ ሄዳለች።»

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ማሽኑን ወደ ግድግዳው ገፍታ አልጋው ላይ ጎኑ ተቀመጠች። የተሰቀለውን እጁን ይዛ ቀስ አድርጋ አወረደችለት፤ ከዚያም አልለቀቀችውም። ያ የዳነ ትከሻ ሲንሰቀሰቅ በመዳፏ ይሰማት ነበር። የተማረችው ትምህርት ለዚህ አልደረሰላትም።

ከጊዜ በኋላ ልጁ የእናቷን ልብስ ልታነሳሳ መጣች። ቀሚስ ስታጥፍ ቆይታ ድንገት ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ የደበቅኩህ ነገር አለ። እማዬ እኔ ጋ በየጠዋቱ መቆም ትለማመድ ነበር። እዚያ የሚያያት ሐኪም ነው ሞክሪ ያላት። ‹ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ ሊወስደኝ ሲመጣ ቆሜ ልቀበለው› አለችኝ። ሐኪሙ የሞተችው በዚያ ምክንያት አይደለም ይላል። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አስባለሁ…»

መቀስ የታጠፈውን ቀሚስ አንስቶ ያዘ።

«ቆመች?»

«ቆመች። ከወጥ ቤት እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ደግፌያት ትሄድ ነበር።»

«ወድቃ ታውቃለች?»

«አንድም ቀን።»

«ሳቀች?»

«አለቀሰች፣ አባዬ። ከደስታ ነው ያለችኝ።»

በማግስቱ አብሯት ተሳፍሮ ሄደ። የልጁ ቤት ሲደርሱ ኮቱን ሳያወልቅ፣ «አሳዪኝ» አላት። ልጁ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ አሳየችው፤ እዚህ ጋ ትይዝ ነበር፣ እዚህ ጋ ታርፍ ነበር፣ እዚህ ጋ ደግሞ እኔን ትሰድበኝ ነበር አለችው። መቀስ ግድግዳውን እየዳበሰ ተከተላት። ኮሪደሩ ጫፍ ሲደርሱ፣ «ይቅር በለኝ» አለችው።

«ምን አድርገሽ? እኔ ተሸከምኳት፤ አንቺ አስኬድሻት።»

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ልጁም ወርዳ ጎኑ ተቀመጠችና ራሷን ደረቱ ላይ ጣለች። አማቹ ከሥራ ሲመለስ ሁለቱንም እዚያው ነው ያገኛቸው።