ከላንጋኖ የመጣው ድራም

እንግዲያው ኑሬ ዛሬ ከሁሉም ቀድሞ ለምን መጣ፣ ልምምድ ሊያልቅ ሲል ሳክስፎኑን አንጠልጥሎ የሚደርስ ሰው፣ ጋሪ አጣሁ፣ እናቴን አመማት፣ ሰዓቴ ቆመ የሚል ሰው፣ ዛሬ ግን ኢተፋ የቀበሌውን አዳራሽ በር ገፋ አድርጎ ሲገባ እሱ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል፣ የሳክስፎኑን መንፊያ ሸምበቆ እየላሰ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ፣ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ እንኳን አይልም፣ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ዞር። ነገር አለ። እዚህ ቤት ውስጥ ነገር አለ።

ኢተፋ ነገር ይሸተዋል። ድራመር ነውና ከኋላ ይቀመጣል፣ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ የሰው ፊት አይደርሰውም፣ ጀርባ ነው የሚደርሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ የነፋፊ ጀርባ ሲያይ ኖሯል፣ ማን ጠጥቶ እንዳደረ፣ ማን ከሚስቱ እንደተኳረፈ፣ ማን ኖታውን ሳያጠና እንደመጣ ከትከሻው ያውቃል። ፊትማ የፈለገውን ያስመስላል። የኑሬ ትከሻ ዛሬ ወደ ጆሮው ወጥቷል።

መርዳሳን የወሰዱት ባለፈው ሳምንት ነው። ትራምፔት የሚነፋው መርዳሳ፣ የአቦምሳው ልጅ፣ የኢተፋ ሚዜ፣ በጠራራ ፀሐይ ከፀጉር ቤት፣ ግማሽ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ። ወንጀሉም ወዲያው ተሰማ፣ የውጭ ሬዲዮ አዳምጧል። አዳምጧል እንዴ፣ አዎ አዳምጧል፣ ግን ዜናውን ማን ሰማው፣ ዜናው ሲመጣ ድምፁን ይቀንሱት ነበር እኮ፣ የሚጠብቁት ከዜናው በኋላ የሚመጣውን ሙዚቃ ነው፣ አሥራ ምናምን ነፋፊ ያለበትን ትልቅ ባንድ፣ ከኋላ ደግሞ ያንን ድራመር፣ በሬዲዮው መንጫጫት መሃል ስሙን በቅጡ ሰምተውት የማያውቁትን። አርብ አርብ፣ መርዳሳ ቤት፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ሦስት ሆነው። መርዳሳ፣ ኢተፋ፣ ኑሬ። ሌላ ሰው አያውቅም፣ የኢተፋ ሚስት ሎሚ እንኳን ካርታ የሚጫወቱ ነው የሚመስላት። እንግዲህ መርዳሳ ራሱን አያስይዝም፣ እኔ ለጠላት አልተናገርኩም፣ ይላል ኢተፋ ለራሱ፣ እና ማን ቀረ።

ማን ቀረ።

ሄዶ ከድራሙ ኋላ ይቀመጣል። እግሩን ፔዳሉ ላይ ያሳርፋል፣ ሳይወድ በግዱም ደስ ይለዋል፣ እርጉም ደስታ፣ ጓደኛው ታስሮ። ግን ይህ ድራም! እንግሊዝ ሠራሽ፣ በንጉሡ ጊዜ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ላለ ሆቴል የመጣ፣ ጎኑ እንደ ዛጎል ሆድ የሚያብረቀርቅ፣ ቆዳው እንደ ዘንድሮው ላስቲክ ሳይሆን የእውነት የጥጃ ቆዳ፣ ሆቴሉ ሲወረስ አብሮ ተወርሶ መጋዘን ውስጥ ፍራሽ ተጭኖበት የኖረ። አመለኛ ነው። የሐይቁ እርጥበት አርግቦት ነበር፣ የናዝሬት ሙቀት ወጠረው፣ ሐምሌ ሲያካፋ ደግሞ ይረግባል፣ ጠዋት ቃኝቶት ከሰዓት ሌላ ድራም ነው፣ ኢተፋ አንዴ በእርጥብ ጨርቅ ያብሰዋል፣ አንዴ ከሰል አጠገብ ያሞቀዋል፣ ሎሚ፣ እኔን እንዲህ አባብለኸኝ ታውቃለህ ወይ ትለዋለች። ባስ ድራሙን በእግር ዳሰስ ሲያደርጉት ድምፁ ወለሉን ተከትሎ ይሄዳል፣ አይጮህም፣ ሰው ሳያውቀው እግሩን ያነቃንቃል። ከዚህ በፊት ቀበሌው የሰጠው በርሜል ነበር፣ ከበሮ ያለው ይዋሻል። ሁለት ዓመት ለመነ። የኪነት ኃላፊዋ የጓድ ዘውድነሽ በር ላይ ተገተረ፣ ዘውድ ወርዶ እሷ ከነስሟ የቀረች፣ ይጠናል፣ እናያለን፣ ከበላይ እንጠይቃለን ስትለው ከረመች፣ ከዚያ ድንገት ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ይሁን አለችና ድራሙ በመንግሥት ካሚዮን ተጭኖ መጣ። መርዳሳ በተያዘ ማግስት፣ አንድ ቀን ሳያየው። እሺ መባሉን ለማንም አልተናገረም ነበር፣ ድንገት አምጥቶ ላስደንግጣቸው ብሎ፣ በተለይ መርዳሳን።

ነፋፊዎቹ ይሟላሉ። ጋሽ ገርባ ትሮምቦናቸውን ይዘው፣ እንደምን አደሩ ጋሽ ገርባ፣ ይመስገን፣ ብቻ፣ ይመስገን ብቻ፣ ሌላ ጊዜ ሎሚን፣ ልጆቹን፣ ዶሮዋን ሳይቀር የሚጠይቁ ሰውዬ። እሳቸውም ሰግተዋል። ሰው ሁሉ ሰግቷል፣ ኑሬ እዚህ ቁጭ ብሎ ማን አፉን ይከፍታል። የመርዳሳ ወንበር ባዶውን ነው፣ ማንም አላነሳውም፣ ማንም አልተቀመጠበትም።

እፈትነዋለሁ፣ ይላል በልቡ። የሚለማመዱት የበዓሉን ማርሽ ነው፣ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ፣ ወታደር እንኳን የሚሰለቸው፣ እኔ ግን በውስጡ የአርቡን ምት እሰድበታለሁ፣ በቀኝ እጄ የነሐሱን ሲምባል አስዘልለዋለሁ፣ በእግሬ ባሱን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው መታ መታ፣ ካድሬ አይሰማውም፣ ነፋፊ ግን ከወንበሩ ሥር ይሰማዋል። ኑሬ ያውቀዋል። ንፁህ ከሆነ ዞር ብሎ ይስቃል፣ ካልሆነ ትከሻው ይነግረኛል፣ ከዚያ በኋላ እኔና እሱ ነን፣ አላህንም ወንጌልንም አይጠራብኝ።

አንድ፣ ሁለት። ይነሳሉ። ማርሹ እንደ ደከመ በቅሎ ይንቀሳቀሳል፣ ኢተፋ ቀስ ብሎ ከሥሩ ይገባል፣ ሲምባሉ መዝለል ይጀምራል፣ ቆዳው ዛሬ ልክ ነው፣ በትሩን ይመልስለታል፣ እጁ ራሱ ይሄዳል፣ ወይኔ መርዳሳ፣ ይህን ብትሰማ፣ እና አሁን ያ ቦታ እየመጣ ነው፣ ነፋፊው ሁሉ ባንዴ የሚፈነዳበት፣ እዚያ ላይ ድራመሩ ነው በር የሚከፍትላቸው፣ ከምቱ ቀደም ብሎ ስኔሩ፣ ትንሹ ከበሮ ላይ ያንደረድራል፣ ኑ፣ አሁን፣ ይላቸዋል፣ እነሱም ኖታም ሳያዩ፣ ሳይቆጥሩ፣ እሱን አምነው ባንድ ትንፋሽ ይገባሉ፣ ያንደረድራል፣ ስኔር፣ ቶም፣ ስኔር፣ ይከፍታል፣ ሲምባሉን በሙሉ ክንዱ

ማንም የለም።

ሲምባሉ ብቻውን ይጮሃል። ይጮሃል፣ ይጮሃል፣ በእጁ ይዞ ያፍነዋል።

ምነው፣ ይላል፣ ጠራኋችሁ እኮ። ጋሽ ገርባ ወደ ኑሬ ያያሉ። ኑሬ ወደ ጋሽ ገርባ ያያል። ወደ እሱ የሚያይ የለም፣ ትከሻዎቹ ሁሉ፣ የኑሬ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም፣ ወደ ጆሮ ወጥተዋል፣ እንዴት እስካሁን አላየውም፣ አንዱን ትከሻ ሲያይ።

ሰምተናል፣ ይላል ኑሬ ሳይዞር፣ ጥሪህን ሰምተናል አቦ፣ ግን ዘንድሮ አንተ ስትጠራ መግባት ያስፈራል።

የኢተፋ ደም ፊቱ ላይ ይወጣል። እኔ! አንተ ነህ እንጂ፣ አንተ ጠዋት በሌሊቱ እዚህ ምን ታደርጋለህ፣ ከየት ነው የመጣኸው፣ ይላል፣ ይጮሃል፣ ድምፁን አያውቀውም።

ስንቅ አድርሼ ነዋ። ለመርዳሳ። ፖሊስ ጣቢያው የሚቀበለው በማለዳ ነው፣ ትናንት ጋሽ ገርባ ወሰዱ፣ ነገ ደግሞ ሌላው፣ ተራ ገብተናል፣ ሁላችንም። አንተ ስትቀር።

ለምን አልነገራችሁኝም።

ልጄ፣ ይላሉ ጋሽ ገርባ፣ አሁን ነው የሚዞሩት፣ አንተስ ለምን አልጠየቅከንም።

ለምን አልጠየቀም። መልሱን ያውቀዋል፣ ጣቢያው በር ላይ ስንቅ ያመጣ ሰው ስሙ ይመዘገባላ፣ የማን ወገን እንደሆነ ይታያላ፣ ሳምንቱን ሙሉ በጣቢያው በኩል እንዳያልፍ በባቡሩ ሐዲድ ዞሮ ነው የሚመጣው፣ ለሎሚ የዋናው መንገድ ጭቃ ነው ያዞረኝ ብሏታል። ፈሪ ነው፣ እሺ ፈሪ ነው፣ ፈሪ መሆን ግን ጆሮ ጠቢ መሆን አይደለም፣ ይህን ይንገራቸው፣ አልተናገርኩም ይበል፣ ግን እንዲህ ያለ ጊዜ አልተናገርኩም የሚለው ማን ነው፣ የተናገረው ነው።

ዛሬ ዘበኛው ዞር ሲልለት፣ ይላል ኑሬ፣ መርዳሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። ድራሙ መጣ ወይ አለኝ።

ድራሙ መጣ ወይ።

እሺ መባሉን ከየት አወቀ። ኢተፋ ለማንም አላለ፣ ለሎሚም፣ ከእሱና ከጓድ ዘውድነሽ በቀር የሚያውቅ የለም፣ እንግዲያው እዚያው ውስጥ ነው የነገሩት፣ ሲመረምሩት፣ ጓደኛህ በድራም ሸጠህ ብለውታል፣ ውሸት፣ ውሸታሞች፣ መች ሸጥኩት፣ እኔ ቢሮዋ የሄድኩት ለድራሙ ነው፣ የቀበሌው ከበሮ ምን ጎደለው ጓድ አለችኝ፣ በአፍ አይነገርም አልኳት፣ እርሳሶቿን አንስቼ ጠረጴዛዋ ላይ መታሁላት፣ በሩ እንዴት እንደሚከፈት፣ ብርጭቆዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ ሳቀች፣ ሰው ሆና ሳቀች፣ ደስ ሲል፣ ከየት ተማርከው አለችኝ፣ ከሬዲዮ አልኳት፣ ከኛ ሬዲዮ ነው አለች፣ ኧረ የኛውማ ከየት አምጥቶ አልኳት፣ አርብ አርብ ነው፣ ጣቢያውን የሚያገኘው መርዳሳ ነው፣ ጆሮው ለጉድ ነው፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ትራምፔቱን ብቻ ለይቶ ይሰማልሻል እኮ

ማመስገኑ ነበር። ጓደኛውን ማመስገኑ ነበር፣ እግረ መንገዱን የትራምፔት ነፋፊያቸው ምን ያህል እንደሆነ ትወቅልኝ ብሎ። ኑሬንም ያነሳው ነበር፣ ግን ስለ ኑሬ የሚነገር ምስጋና ቶሎ አልመጣለትም፣ በዚህ ነው ኑሬ የተረፈው።

ይጠብቃሉ። አሁን ሁሉም ዞረዋል፣ ፊታቸውን አይቶ አያውቅም፣ ስንት ዓመት አብሯቸው ሠርቶ ይህን ያህል ፊት ባንዴ አይቶ አያውቅም፣ ይንገራቸው፣ አፉን ይከፍታል፣ እኔ ነኝ ሊል፣ የሚወጣው ሌላ ነው።

ነገ እኔ እወስዳለሁ።

ኑሬ ጎንበስ ይልና ከወንበሩ ሥር ምሳ ዕቃውን አውጥቶ ወለሉ ላይ ወደ ድራሙ ገፋ ያደርገዋል፣ ታጥቧል፣ ክዳኑ አንድ ጎኑ ተጨርምቷል።

ይወስዳል። ሎሚን ሽሮ በደንብ አድርገሽ ሥሪ ይላታል፣ ቃሪያ እንዳትረሺ፣ መርዳሳ ያለ ቃሪያ አይበላም፣ ለማን ነው ስትለው ይነግራታል፣ ሁሉንም ይነግራታል፣ በማለዳ በዋናው መንገድ ይሄዳል፣ ስም ሲሉት ኢተፋ ይላል፣ ከነአባቱ፣ ይጻፉት፣ እሱ አይደለም አሁን የሚያስፈራው። ከማን እንደሆነ ለመርዳሳ ይነግሩታል። ምግቡ ሳይነካ ቢመለስ ይገባዋል፣ ያንን ይችለዋል፣ ይዞት ይመለሳል። ባዶውን ቢመጣስ፣ መርዳሳ ሁሉንም እያወቀ ቁጭ ብሎ በልቶለት፣ ሎሚን አመስግንልኝ ብሎ ቢልክለትስ፣ ያንን ባዶ ምሳ ዕቃ ይዞ ቤቱ እንዴት አድርጎ ይገባል።