የባላምባራስ ወንድይራድ የማሽላ ጉድጓድ

ለክፉ ቀን እህል ማኖር የብልህና የአስተዋይ ሰው ግብር እንደ ሆነ የሚክድ የለም፤ ከጥጋብ ዘመን ለረኃብ ዘመን ያላተረፈ፥ ልጆቹን ለሰው ደጅ እንዳሳደገ ይቆጠራልና። ነገር ግን፥ ልቡናህ የበራ አንባቢ ሆይ፥ ፍርሃት ከጥበብ ጋር በአንድ ጎተራ ሲያድር እንደ ነቀዝ ከውስጥ ጀምሮ እንደሚበላት የሚያስተውል ጥቂት ነው። በቆላው አገር ይኖሩ የነበሩት ባላምባራስ ወንድይራድ፥ ነፍስ ይማር፥ ከነዚህ ጥቂቶች አልነበሩም።

ባላምባራስ በሕፃንነታቸው ወራት አራት ወንድሞቻቸውን በአንድ ክረምት ረኃብ ነጥቋቸው ነበርና፥ ሀብትና ማዕርግ ካገኙም በኋላ ያ ፍርሃት ከአጥንታቸው አልወጣም። ስለዚህ በጥጋቡ ዓመት በእልፍኛቸው ወለል ሥር ሁለት የሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ አስቆፍረው፥ ውስጡን በእሳት አስጠብሰው፥ ገለባ አልብሰው፥ በፀሐይ የደረቀ ማሽላ እስከ ወገቡ ሞሉበት፤ አፉንም በድንጋይና በእበት ጭቃ ለስነው ምንጣፍ ዘረጉበት። የአገሩ ልማድ ግን ጉድጓድ በየዓመቱ በጎረቤት ፊት ተከፍቶ አፉ ተገልጦ እንዲያድር፥ በማግሥቱም የበራ ኩራዝ በገመድ እንዲወርድበት፥ ኩራዙ ከጠፋ ማንም እንዳይገባ ያዝዛል፤ የታመቀ አየር ሰው ይገድላልና። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርገዱ የጉድጓድ ቆፋሪ ልጅ ነበሩና ይህን በየመከሩ ቢያሳስቡ፥ ባላምባራስ ጎረቤት ያየው እህል የጎረቤት ነው እያሉ ሰባት ዓመት ሙሉ እምቢ አሉ።

የፈሩት ይደርሳል፥ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፥ በስምንተኛው ዓመት አንበጣ ወረደ፥ ዝናምም ቀረ። አጥር የሚያዋስናቸው አቶ ሽብሩ፥ ኩሩና ጨዋ ሰው፥ ነጠላቸውን አደግድገው መጥተው ለታመመች ልጃቸው አንድ ቁና እህል ቢለምኑ፥ ባላምባራስ የቅዱስ ሚካኤልን ስም ጠርተው ቤታቸው ባዶ መሆኑን ማሉ፤ ሰውዬውም እግዜር ይስጥልኝ ብለው ሄዱ። ወይዘሮ ይርገዱ በዚያው ምንጣፍ ላይ ቆመው ይህን ሲሰሙ፥ ከእግራቸው በታች ያለው እህል ያቃጠላቸው መሰላቸው፤ እጅግም አፈሩ። እህሉ ይውጣ፥ ከጎረቤትም ጋር እንካፈለው ብለው ባላቸውን ቢማልዱ ሰሚ አላገኙም።

የቤቱ ስንቅ ባለቀ ጊዜ ባላምባራስ ጉድጓዱን ለመክፈት የመረጡት እሑድን ነበር፤ አገሩ ሁሉ ቅዳሴ ሄዶ መንደሩ ጭር የሚልበትን ሰዓት። ወይዘሮ ይርገዱ አፉ ተገልጦ ይደር፥ ኩራዝም ይውረድ ብለው እግራቸው ላይ ወደቁ።

«የተከፈተ ጉድጓድ ሽታው ሦስት ቤት ይሄዳል» አሉ ባላምባራስ። «ቅዳሴው ሳይወጣ ጨርሰን እንዘጋዋለን።»

«ጌታዬ፥ እኔ የርስዎን ሬሳ ከማይ፥ አገር ሁሉ እህላችንን ቢያይ ይሻለኛል።»

ባላምባራስ ምንጣፉን አንሥተው፥ የጉድጓዱን አፍ ከፍተው፥ ገመድ ከወገባቸው አስረው፥ ጫፉን ለሚስታቸው አስይዘው ወረዱ። ጥቂትም ቆይቶ ከጨለማው ውስጥ «ደኅና ነው፥ ይርገዱ፤ አንድ ፍሬ አልነቀዘም» የሚል የሐሤት ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ አልነበረም። ወይዘሮ ይርገዱ ጠሩ፥ መልስ አጡ፤ ገመዱን ሳቡ፥ አልቻሉም፤ በመጨረሻ መቀነታቸው ተፈትቶ እየተጎተተ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጡ።

ከምእመናኑ ሁሉ ቀድመው የደረሱት አቶ ሽብሩ ነበሩ። ኩራዝ አብርተው ቢያወርዱ አንድ ክንድ ሳይርቅ ጠፋ፤ ደግመው ቢያወርዱም ጠፋ። ጎረቤት ሁሉ ገመዱን ተጋግዞ ባላምባራስን ባወጣቸው ጊዜ በጨበጡት መዳፋቸው ውስጥ ጥቂት ማሽላ ተገኘ፤ ነፍስ ግን አልነበረም። ወይዘሮ ይርገዱ ከቀብር በኋላ፥ ጉድጓዱ ተገልጦ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ኩራዙ ሳይጠፋ የወረደበት ዕለት፥ የመጀመሪያውን ቁና ራሳቸው ተሸክመው ለአቶ ሽብሩ ልጅ አደረሱ፤ የቀረውንም ለደብሩ ሰው ሁሉ አካፈሉ፥ በአርባውም ቀን ተዝካር አወጡበት። አቶ ሽብሩ ከተዝካሩ ማዕድ ሲነሡ ዕንባቸውን ጠርገው «ቢነግሩን ኖሮ፥ እመቤቴ፥ ገመዱን እኛ እንይዝላቸው ነበር» አሉ። ከጎረቤት የተሸሸገ ጉድጓድ፥ እህል ሲገባበት ጎተራ ቢመስልም፥ ባለቤቱ ሲገባበት መቃብር ነው።