ክዳኑ አልጋ ሥር ነው

ሰዉ «ጋሼ ቆርቆሮ» ነው የሚላቸው። ምን ያድርግ? ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ስንዝር ባዶ መሬት ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ አራት ቋሚ ተክለው፣ ቆርቆሮ መትተው ያከራዩዋታል። እንዲህ እንዲህ እያሉ በአንድ ሽንት ቤት ላይ አሥራ አንድ ቤተሰብ አከማቹ።

ሽንት ቤቱ ሞልቶ መፍሰስ ከጀመረ ሳምንቱ ነው። ፍሳሹ በግድግዳው ሥር እየተሳበ የውሃ ቧንቧው ጋ ሊደርስ አንድ እርምጃ ቀርቶታል። ከትናንት ወዲያ ሁለት ሕፃናት በተቅማጥ ጤና ጣቢያ ገብተዋል። እናም መጣጭ መኪናው ጠዋት በር ላይ ጥሩምባውን ሲያስጮህ ግቢው እልል ሊል ምንም አልቀረው። ከጋሼ ቆርቆሮ በስተቀር።

«አባባ፣ ክዳኑ የት ነው?» አለ ሾፌሩ፣ ወፍራሙን ቱቦ ትከሻው ላይ ተሸክሞ።

«የምን ክዳን?»

«የጉድጓዱ ነዋ! በምን ልምጠጠው?»

«በሽንት ቤቱ ቀዳዳ አስገባው፣ ልጄ።»

«ይሄን የሚያክል ቱቦ? አይቀልዱ እንጂ! አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ ሌላ ሰፈር አለብኝ፤ ተራችሁ የሚደርሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው።»

ጋሼ ቆርቆሮ ላብ በላብ ሆኑ። ክዳኑ ያለበት ጠፍቷቸው ነው? አምና ጥጉ ላይ ያለችውን ክፍል የሠሩት እዚያው ክዳኑ ላይ ነው! ስሚንቶ በስሱ ለቀለቁበት፣ ፕላስቲክ አነጠፉበት፣ አከራዩት። አሁን በላዩ አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ ደግሞ አንዲት አራስ ከስድስት ቀን ልጇ ጋር ተኝታለች። ባሏ ሥራ ሄዷል። «ጋሼ፣ ወለሉ ይንቋቋል» ብትላቸው «አይጥ ነው» አሏት። «ይሸታል» ብትላቸው ደግሞ ዓይናቸውን በጨው አጥበው «ጨርቅሽን በደንብ እጠቢያ! ሴት ልጅ ንጹሕ ትሁን እንጂ» ብለው አሸማቀቋት።

ቢናገሩ ክፍሉ ይፈርሳል፤ ስማቸውም አብሮ። ባይናገሩስ? ዓይናቸው ወደ ቧንቧው ሄደ። አንዲት ሴትዮ ጀሪካን ደቅና ትቀዳለች፤ ፍሳሹ ጫማዋ ሥር ደርሷል።

«ሦስት ደቂቃ ቀረ!» አለ ሾፌሩ ሰዓቱን እያየ።

«ኧረ ምን ነካቸው? ይናገሩ እንጂ!» ግቢው መጮህ ጀመረ።

ጋሼ ቆርቆሮ ወደ ጥጉ ክፍል ሄደው አንኳኩ።

«ልጄ፣ ሕፃኑን ይዘሽ ውጪ።»

«ምነው ጋሼ፣ በደህና?»

«ውጪ አልኩሽ! በእናትሽ!»

አራሷ ልጇን ጠቅልላ እየተንገዳገደች ወጣች። ጋሼ ቆርቆሮ አልጋው ሥር ሲያመለክቱት ሾፌሩ አልጋውን ጎትቶ ፕላስቲኩን ገለጠ። ስሚንቶው ተሰነጣጥቆ ወደ ውስጥ ጎብጧል። ሰዉን ሁሉ ወደ ደጅ መለሰና በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን በድጅኖ ነካ አደረገው። አንዴ ብቻ! ወለሉ ከነክዳኑ ተገምሶ ቁልቁል ወረደ፤ ሽታው ሁሉንም ወደ ኋላ ገፋ። አልጋው ቆሞበት የነበረው ቦታ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ።

«ዛሬን አያድርም ነበር» አለ ሾፌሩ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ስድቡ ከየአቅጣጫው ወረደባቸው። ጋሼ ቆርቆሮ ግን ማንንም አልሰሙም፤ የፈሩት አራሷን ነው። ትጮህብኛለች፣ ትረግመኛለች ብለው አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። እሷ ጉድጓዱን አየች። ልጇን አየች።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ ሽታው የእኔ መስሎኝ፣ ልጄን ሳጠባ እንኳ እሳቀቅ ነበር።»

ጋሼ ቆርቆሮ የራሳቸውን ቤት ቁልፍ ዘረጉላት። አልተቀበለቻቸውም፤ ልጇን አቅፋ ባለ ጀሪካኗን ሴትዮ ተከትላ ሄደች።